የአክስቴ ሞተር አፍታቾች

አክስቴ ሞተር የገዛች ዕለት ግቢያችን ውስጥ የተሰበሰበውን ወንድ ያየ ሰው፣ ገዢዎቹ እነሱ ሆነው አክስቴ ለማጨብጨብ የተጠራች እንግዳ ትመስለው ነበር። ሁሉም "እንኳን ደስ አለሽ" አሏት፤ ቁልፉን ግን የሰጣት የለም። ቁልፉ ከሻጩ እጅ ወደ አባቴ እጅ፣ ከአባቴ እጅ ወደ አባቴ ኪስ ገባ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ ልጀምር፤ አለዚያ ስድብ ብቻ ጽፌ መጨረሴ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሥራዋ የታመመ ሰው ፀጉር ማጠብ ነው። ወጣት ሳለች ፀጉር ቤት ውስጥ አጣቢ ነበረች። አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ወድቃ ወገቧ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስትቀር ልትጠይቃት ሄደች። ሴትየዋ ንጹሕ ልብስ ለብሳለች፣ መድኃኒቷ ተደርድሮላታል፣ ምግቧ በሰዓቱ ይቀርብላታል፤ ፀጉሯ ግን እንደ አሮጌ ፍራሽ ጥጥ ተድበልብሏል። "የተኛ ሰው መጀመሪያ የሚረሳው ፀጉሩ ነው" ትላለች አክስቴ። ያን ቀን በቤቱ የልብስ ሳፋ አጠበቻት። ወሬው ከዘመድ ዘመድ፣ ከጎረቤት ጎረቤት ሄዶ ሌሎችም "እባክሽ ለእኛም እናት" ማለት ሲጀምሩ፣ ፀጉር ቤቱን ትታ የራሷን ሳፋ ገዛች።

ገና ከበር ሰላምታውን ሳትጨርስ "ሙቅ ውሃ አለ?" ስለምትል ደንበኞቿ "ሙቅ ውሃ" የሚል ስም አውጥተውላታል። አንሶላው ላይ ላስቲክ ትዘረጋለች፤ የታማሚውን ጭንቅላት ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ አውጥታ በግራ መዳፏ ትደግፋለች፤ ሳፋውን ከሥር በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች፤ ውሃውን በክንዷ ትለካለች። ያ የግራ እጅ ሥራው እስኪያልቅ ከጭንቅላቱ ሥር ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ ታማሚ እየታጠበ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዳንዱ ለልጆቹ ያልነገረውን ሁሉ ይዘከዝክላታል፤ እሷም ሰምታ ሆድ ይፍጀው ትላለች እንጂ ለነፍስ አባቷም አትናገርም።

ችግሯ መንገድ ነበር። ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ላስቲክና ፎጣ ይዛ ሚኒባስ ስትጠብቅ አንዱ "ሞልቷል" ይላታል፣ አንዱ "ሳፋሽ የሰው ቦታ ይይዛል" ብሎ ጥሏት ይሄዳል። ታማሚ ደግሞ ዋና መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ አይጠብቃትም። ዳገት ላይ ነው፣ ቅያስ ውስጥ ነው፣ አስፋልት ካለቀ በኋላ ነው። ጉልበቷ መክዳት ሲጀምር ቁርጥ አድርጋ አሰበችና፣ ፀጉሯ ሸብቶ ሳለ፣ ጢማቸው ገና ካልበቀለ ልጆች ጋር ማሠልጠኛ ገብታ ሞተር መንዳት ተማረች። ፈተናውን አልፋ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ያን ጊዜ ማንም አላገዛትም፤ ማንም አልከለከላትም፤ ቁም ነገር ብሎ የያዘላትም አልነበረም። የገዛችው ስኩተር በር ላይ ሲደርስ ነው ግቢው በባለሙያ የተጥለቀለቀው።

ሻጩ አዲስ ሞተር ሲወጣ መታየት ያለበትን ሁሉ በትክክል አስረዳ፤ በዚህ አላማውም። የጎማ ነፋስ፣ የዘይት ልክ፣ የፍሬን አያያዝ፣ የባትሪ፣ የብሎኖች ጥብቀት፣ መብራትና ፍሬቻ። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሳያስጮሁ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ከዚያ ለመጀመሪያው ሰርቪስ ማምጣት። የሚያስረዳው ግን ለአባቴ ነው። አክስቴ "ጎማውን ሳይሞቅ ነው የምለካው?" ብላ ስትጠይቀው፣ ወደ አባቴ ዞሮ "አዎ ጋሼ፣ ሳይሞቅ ነው" አለው። የጠየቀችው እሷ፣ የከፈለችው እሷ፣ መልስ የሚሰጠው ለእሱ! አባቴም እንደ ገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሁለት ጎማ የሚሄድ ነገር ላይ ግን በሕይወቱ ተቀምጦ አያውቅም። ይህ ምንም አላገደውም። ሻጩ እንደሄደ በሙሉ ግርማው ቆሞ ፍርዱን ሰጠ፤ አዲስ ሞተር እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ መጀመሪያ በለመደ ሰው መፍታታት አለበት፣ አለዚያ ጠባዩ እንደ ተበላሸ ይቀራል አለ።

አክስቴም "እሺ ጋሼ" አለች።

እዚህ ላይ በአክስቴም እናደዳለሁ። ግን ደግሞ ምክንያቷን አውቃለሁ። አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት እሱ ነው። "ጋሼ" ብላ ጠርታው እምቢ ማለት አይሆንላትም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰውን አስሮ የሚይዘው በክፉ ሰዎች በኩል ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ገና ድሮ ፈትተነው ነበር።

አባቴ ሁለት ቀን ሲያፍታታ ከረመ። ጎማውን "ጠጠር ሲል ነው የሚሸከመው" ብሎ እንደ አውቶቡስ አስነፋው፤ ስኩተሩ በየጠጠሩ ላይ እየነጠረ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ስፖኪዮዎቹን ለራሱ ቁመት አዞራቸው። ከዚያ ተራው የአክስቴ ልጅ ባል ሆነ። መጋረጃ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቤተሰቡ ውስጥ ግን "ኢንጂነር" ነው ስሙ፤ ይህን ማዕረግ ያገኘው የሰው ቴሌቪዥን ፈትቶ ዳዶ በማስተረፉ ነው። ኢንጂነር ደግሞ "ዘይት ጠጥቶ የታመመ ሞተር የለም" ብሎ ዘይት ጨመረበት። የኋላውን ፍሬን አጠበቀው። አባቴ መጥቶ አላላው። ኢንጂነር እንደገና አጠበቀው።

አክስቴ በየማለዳው፣ ሁሉም ሳይነሳ፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ይዛ ትወጣለች። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታ ትጠርጋለች፣ መልሳ ትከታለች፣ አውጥታ ታያለች። ከላይኛው ምልክት አልፎ ስታገኘው ትርፉን ወደ ጠርሙስ ትቀዳለች። ከጎማው ነፋስ ትቀንሳለች። የፍሬኑን መያዣ ጨበጥ ለቀቅ እያደረገች ልኩን ትመልሳለች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመፍቻ ትነካካለች። ስፖኪዮውን ወደ ራሷ ዓይን ታዞራለች። ከዚያ በአሮጌ አንሶላ ሸፍናው ትገባለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዱ አፍታች ይመጣና አንሶላውን ገልጦ ሁሉንም እንደገና ያበላሻል።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው" አልኳት አንድ ጠዋት።

ሳቀች። "ይፍታታላቸው፤ እስከ ረቡዕ ነው" አለችኝ።

ረቡዕ ያለችው በምክንያት ነው። ከደንበኞቿ ሁሉ የምትወዳቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሚኒባስ ጥሎ ከሚመለስበት በላይ ነው ቤታቸው። ድሮ ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ሠርተዋል፤ ሰው ከሰው የሚያገናኙት እሳቸው ነበሩ። "እማማ ስልክ" እንላቸዋለን። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ሲፈታ ወገባቸውን ያልፋል። "ድምፄን ያልሰማ የለም፤ ፀጉሬን ያየ ግን የለም" እያሉ ይስቃሉ። በቅርቡ ግራ እጃቸው መስነፍ ጀመረና ሲመረመሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ እብጠት ተገኘ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታል ሊገቡ፣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ተቀጠረ። አክስቴን አስጠርተው የነገሯትን እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ።

"እዚያ እንደ ገባሁ ይላጩኛል" አሉ። "ከዚያ በፊት አንቺ እጠቢኝና ጎንጉኝልኝ። ጉንጉኑን ከሥሩ ቆርጠሽ ለእኔው ትሰጪኛለሽ። ከሰው ፀጉር ጋር ተጠርጎ እንዲወጣ አልፈልግም።"

"በሞተሬ ነው የምመጣው እማማ፤ ማልጄ እደርሳለሁ" አለቻቸው አክስቴ። እማማ ስልክም በሞተር የመጣ እንግዳ ቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ ነገሯትና ሁለቱም ሳቁ።

ማክሰኞ ማታ፣ ሁሉም ባለበት፣ አክስቴ በግልጽ ተናገረች። "ነገ ጠዋት ሞተሩን እፈልገዋለሁ፣ ጋሼ።" ለምን እንደምትፈልገውም አንድ በአንድ አስረዳች። አባቴ እሺ አለ። ኢንጂነርም እሺ አለ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ምን ያህል ሞኝ ብሆን ነው!

ለካ ኢንጂነር ሌሊቱን ሲያስብ አድሯል። ሞተሩ ሳይፍታታ ለሴት ከሚሰጥ፣ የቀሩትን ኪሎ ሜትሮች ለምን እዚሁ ግቢ ውስጥ አንጨርስም ብሎ ማልዶ አባቴን ቀሰቀሰው። ስኩተሩን በባለ ሁለት እግር መቆሚያው አቆሙት። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቷል። አስነሡትና ነዳጅ ሰጡት። ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እነሱ ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለው ያያሉ። ሞተር ቆሞ እንዲጓዝ ማለት ነው! እኔ በጩኸቱ ደንግጬ ስወጣ አባቴ በኩራት "እየሄደ ነው" አለኝ።

የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ግን አልተንቀሳቀሰም። የዚያ ስኩተር ቆጣሪ የሚቆጥረው በፊት ጎማ ነው፤ የፊት ጎማው ደግሞ መሬት ላይ ተተክሎ ቆሟል። ይህን እንዳየ ኢንጂነር የወሰደው እርምጃ ሞተሩን ማጥፋት አልነበረም። ነዳጅ ጨመረ። ቢፈጥን ይቆጥር ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ፤ እግዜር ይወቀው። ስኩተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መቆሚያው ሸርተት አለ፣ የሚሽከረከረው ጎማ መሬት ነካ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ስኩተሩ ብቻውን ግቢውን አቋርጦ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዞ ከግንቡ ጋር ሲላተም ነው። የፊት ፍሬኑ መያዣ ከሥሩ ተሰበረ፤ መሪው ተጣመመ።

አክስቴ ሄልሜቷን አድርጋ፣ ሳፋዋን ታቅፋ፣ በሯ ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም። ይህ ነው የሚያበሽቀኝ፤ እኔ ብሆን ሰፈሩን እቀውጠው ነበር።

ያኔ ወዲያው መሄድ ነበረብን። ግን አባቴ "ቆይ፣ አሁን ይስተካከላል" አለ። ኢንጂነር ፒንሳ ይዞ መጣ። ወዲያው በእኔ ነው በአንተ ነው ተጀመረ፤ አባቴ መቆሚያውን በደንብ አላወረድከውም ይላል፣ ኢንጂነር የኋላውን ፍሬን አንተ ባታላላው ኖሮ ይላል። የተሰበረው የእሷ፣ ሰዓቱ የእሷ፣ ክርክሩ የእነሱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ አጥሩን ነቅንቀው ነቅንቀው ሲወድቅ ማን ጣለው ብለው ይሟገታሉ። የመሪውን ብሎን ፈቱ፣ አሰሩ፣ እንደገና ፈቱ። መያዣውን በሽቦ ጠመጠሙት። በየመሀሉ "አሁን ያልቃል" ይሏታል። አክስቴም ባመነቻቸው ቁጥር ወደ ዳገቱ ጫፍ ትደውልና "እየመጣሁ ነው እማማ" ትላለች።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ሳፋውን ከእጇ ነጠቅኳት። "ተነሽ፣ በእግራችን እንሄዳለን" አልኳት። አባቴ ከኋላችን "አምስት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው!" ሲል ይሰማኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሚኒባሱ ሳፋችንን አይቶ አለፈን። ሁለተኛው ጫነን፤ ዳገቱ ሥር አወረደን። አክስቴ ጉልበቷን እየያዘች ወጣች፤ ሄልሜቱን ማውለቅ እንኳ ረስታለች። ስንደርስ አልጋው ባዶ ነው። ትራሱ ላይ የጭንቅላታቸው ጎድጓዳ አለ፤ በርጩማው ሳፋ ሊቀመጥበት አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ምድጃው ላይ ድስት ሙሉ ውሃ ተጥዶ፣ ሞቆ፣ መልሶ ቀዝቅዟል።

አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ በር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ልጠብልዎት ብላ ለምናቸው ነበር። "እየመጣች ነው ብላለች፤ እየመጣች ከሆነ ትመጣለች" ብለው እምቢ አሏት። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው መኪና መጥቶ ቆሞ እንኳን ትንሽ ጠብቁ ብለዋል። በመጨረሻ ሹፌሩና የልጅ ልጃቸው ደግፈው አወጧቸው።

አክስቴ ሳፋውን ከእጄ ወስዳ አቀፈችው። ዳገቱን ወረድን። ሆስፒታሉ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ደርሰን፣ ተፈትሸን፣ ተጠይቀን፣ ፎቅ ወጥተን ክፍሉን ስናገኝ ቀኑ አጋድሏል። እማማ ስልክ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው፤ እንዲህ ትንሽ መሆኑን ፀጉሩ ደብቆት ኖሯል።

ተረኛዋ ነርስ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አክስቴ ፀጉራቸው የት እንዳለ ስትጠይቃት ደንግጣ አየቻት። ብዙ ሰው ነው የተላጨው፣ ተጠርጎ ወጥቷል፣ ማንም አስቀምጡልኝ አላለንም አለች። እማማ ስልክ ለማስቀመጥ መጎንጎን እንዳለበት ስለሚያውቁ፣ በአንድ እጃቸው ደግሞ መጎንጎን ስለማይችሉ፣ ዝም ብለው አስላጩት። ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው ማለት ነው።

"ሙቅ ውሃ" አሏት አክስቴን ሲያዩ፤ ፈገግ ብለው። "መጣሽ?"

አክስቴ ሳፋውን እንደ ታቀፈች ቆመች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሄልሜቱ ከልሎባት ነበር። ነርሷ ግራ ሲገባት አንድ ጠርሙስ የመድኃኒት ሳሙና አምጥታ ለነገው ቀዶ ጥገና ጭንቅላታቸው በዚህ መታጠብ እንዳለበት፣ ጊዜ ስታገኝ ልታጥባቸው መሆኑን ነገረችን። አክስቴ ሄልሜቷን አውልቃ መሬት አስቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ሙቅ ውሃ አለ?" አለቻት።

ላስቲኩን ዘረጋች። ሳፋውን እኔ ያዝኩ። የግራ መዳፏን ከጭንቅላታቸው ሥር አስገባች፣ ውሃውን በክንዷ ለካች፣ በቀስታ አፈሰሰች። ሳሙናውን በጣቶቿ ከግንባር ወደ ኋላ ታሻለች፤ ማጅራታቸው ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇ አይቆምም፤ ድሮ ፀጉሩ ይወርድበት በነበረው በኩል በባዶ አየር ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። እንደገና ይወርዳል። እማማ ስልክ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ሳፋውን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

በዚህ መሀል የአክስቴ ስልክ ጮኸ። አባቴ ነው። እጇ ሳሙና ስለሆነ ሳፋውን በጉልበቴ ደግፌ ስልኩን አነሣሁ፤ አቤት ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩላት።

"ንገሪያት" አለ አባቴ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። "ሞተሩ ምንም አልሆነም። መያዣ ገዝተን ገጥመንለታል። አትጨነቂ በያት፤ ሞተሩ ደህና ነው።"

ምን ብዬ እንደምሰድበው እያሰብኩ አፌን ስከፍት እማማ ስልክ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀደሙኝ።

"የማን ሞተር ነው?" አሉ።

"የኔ ነው እማማ" አለች አክስቴ፣ በአንድ እጇ ውሃ እያፈሰሰች። "ገና አልነዳሁትም።"